ሽንፈቱን ለባለቤቱ እንስጥ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። የላከልኝ አብሮ አደጌ ነው። «አንብበውና ንገረኝ» ብሎ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው እንደኔ የጎጃም ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ከገባ ብዙ ዓመት እንደሆነው ይናገራል። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸ ነው። ብሔራዊ ቡድን የሀገር መስታወት ነው። ሀገራችን በዘር ተከፋፍላለች፣ ስለዚህ ዋልያዎቹ ይሸነፋሉ። በ2005 ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ጎዳና ወጥተን የጨፈርነው ደስታ ውሸት ነበር። የክልል ክለቦች ኳሱን በዘር በከሉት። ወጣቱ አርሰናልና ማንቸስተር ሲል ሀገሩን ረሳ። እኛ የሯጮች ሀገር ስለሆንን ኳስ ብንተው ይሻላል። መጨረሻው ግን ከሁሉም ከበደኝ። ጎጃሜ ይህን ሁሉ መከራ ካየ በኋላ ኢትዮጵያዊ ነኝ ማለቱ ሞኝነት ነው ይላል። እሱም የ2005 ማሊያውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ሊጥለው በፌስታል እንዳሰረው ጽፏል።

ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ የምጽፍልህ ስለናቅሁህ አይደለም። ቁጣህ ከየት እንደመጣ ስለማውቀው ነው። እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ እዚህ የሆነውን አንተም ከዘመድ ሰምተሃል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ትምህርት ቤት ተቆልፎ ልጅ ደጅ ሲውል፣ ሰው ደጀን ላይ ሆኖ ማርቆስ የሞተ ወንድሙን ለመቅበር ሳይደርስ ሲቀር አይቻለሁ። ተስፋ ቆረጥኩ ስትል ምን ጎደለህ ብዬ አልጠይቅህም። እኔም ብዙ ቀን ቆርጫለሁ። የምከራከርህ ከዚያ ተነስተህ በደረስክበት ድምዳሜ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሀገር ተከፋፍላለች ትላለህ። እውነት ነው። ዋልያዎቹ ይሸነፋሉ ትላለህ። እሱም እውነት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከምድባችን መጨረሻ ሆነን ነው የወጣነው። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫም አልቀረብንም። እኔ የምጣላው በሁለቱ እውነቶች መሀል ካስገባሃት «ስለዚህ» ከምትል ቃል ጋር ነው።

ጥር 13 ቀን 1954ን አንተው አንስተሃል። ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበት ቀን። ያኔ ሕዝቡ አንድ ልብ ስለነበረ አሸነፍን ብለሃል። ነበር እንዴ? ከዚያ 13 ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1953፣ መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው አዲስ አበባ ላይ ደም ፈሷል። አምስት ወር እንኳ ሳይቀድም፣ በነሐሴ 1953 መጨረሻ፣ ኤርትራ ውስጥ የትጥቅ ትግል ተጀምሯል። ዋንጫው በተነሳ በዓመቱ ገደማ፣ ኅዳር 1955 ላይ፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ። የዚያ ቡድን አምበል ግን የአስመራው ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። እሱም ወንድሙ ኢታሎም በፍጻሜው ጎል አግብተዋል። የመጨረሻዋን መንግሥቱ ወርቁ አከለባት። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሀገሪቱ ከውስጥ እየተሰነጠቀች ቡድኑ አሸነፈ። (እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ያህል፣ ያን ጊዜ የተወዳደሩት አራት ሀገሮች ብቻ ናቸው፤ እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ሁለት ጨዋታ ነው ያሸነፍነው። ክብሩ አይቀንስም፤ ግን ያንን ዘመን ገነት አድርገን የዛሬውን ልጅ አናሳቅበት።)

ወደ ቅርቡ ልምጣ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። የሰሜኑ ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። በወሩ ደግሞ ኦሪገን ላይ በዓለም ሻምፒዮና አራት ወርቅ አገኘን። ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴና ታምራት ቶላ በማራቶን። ሦስቱ ሴቶች የትግራይ ልጆች ናቸው፤ ትግራይ ደግሞ ያኔ ስልክ እንኳ ተቋርጦባት ነበር። እነዚያ ልጆች በምን ልብ እንደሮጡ ሳስበው ዛሬም ያመኛል። መከፋፈል ብቻውን የሚያሸንፈን ቢሆን በዚያ ዓመት አንድ ሜዳሊያ ባልተገኘ።

ሌላው ይቅር፣ ጎረቤታችንን ሱዳንን እይ። ከተማቸው በጥይት ፈርሶ፣ ሊጋቸው ቆሞ፣ ሁለቱ ትልልቅ ክለቦቻቸው አል ሂላልና አል ሜሪክ ሞሪታኒያ ሄደው በሰው ሊግ ሲጫወቱ፣ ብሔራዊ ቡድናቸው ለ2025ቱ አፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ከእነሱ በላይ የተከፋፈለ ማን አለ?

እንግዲህ መከፋፈሉ ካልሆነ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጽሑፍህ በአንድ መስመር ያለፈው ነገር ነውና።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ባሕር ዳር ስታዲየም ነበርኩ። ከኮትዲቯር ጋር። አራት ሆነን ከማርቆስ በሌሊት ወጣን፤ ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ላይ ነጋልን። የተቀመጥነው ባዶ ኮንክሪት ላይ ነው፤ ወንበር የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደ ስታዲየም። ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አግብተው 2 ለ 1 አሸነፍን። ከፊት ለፊቴ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ጎል በገባ ቁጥር ከዘራቸውን ወደ ላይ እየሰበቁ «እሰይ ልጆቼ» ይላሉ። ልጆቼ። የሱራፌልን ወይም የሽመልስን ዘር አልጠየቁም።

አንተ ስለ ባንዲራው ጽፈሃል። ልሙጡን የያዘና ባለኮከቡን የያዘ ባንድ ስታዲየም መቀመጡ ሀገር አለመኖሩን ያሳያል ብለሃል። በዚያ ቀን ልሙጡ ይበዛ ነበር፤ ባለኮከቡም ነበር። ጎል ሲገባ ሁለቱም ተውለበለቡ። ይህ ጸባችንን እንደማይፈታው አውቃለሁ። ሕጉም አለ፣ ቂሙም አለ፣ በባንዲራ ምክንያት የታሰረም አለ። ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ባንዲራ ላይ የሚጣሉት ሁለቱም የእኔ ነው ስለሚሉ ነው። የእኔ አይደለም የሚል ሰው ከቤቱ ተነስቶ ሌሊቱን ተጉዞ ኮንክሪት ላይ አይቀመጥም።

አሁን ያንን ስታዲየም አስበው። መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ እዚያው ባሕር ዳር 3 ለ 1 አሸነፈን። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሜዳው መመዘኛ አያሟላም ብሎ አገደው። በወሩ ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ግብፅን ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ከዚያ ወዲያ ሞሮኮ፣ ሌላም ሌላም። ለዓመታት በሜዳችን የተጫወትነው በሰው ሀገር ነው። ባዶ ስታዲየም ውስጥ፣ ያለ እነዚያ አዛውንት ድምፅ። ባለሜዳ መሆን በኳስ ምን ማለት እንደሆነ ከጎጃም ሕፃን ጠይቅ፣ ይነግርሃል። በአዲስ አበባ ደግሞ አደይ አበባ ስታዲየም በ2008 ተጀምሮ ለዓመታት ሳያልቅ ቆየ። አንድ ትውልድ ተጫዋች እስኪያረጅ ድረስ በሰው ሜዳ መባከኑን ኢትዮጵያዊነት ነው የሠራው? በዘር ስለተከፋፈልን ነው ወንበር ያልተገጠመው? አይደለም። በጀት የያዘ ሰው አለ፣ የፈረመ ሰው አለ፣ ቀን ቆርጦ ያላደረሰ ሰው አለ። ሥራ ነው ያልተሠራው።

ወንድሜ፣ የጽሑፍህ ትልቁ ስህተት ለእኔ እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱን ለ«ሕዝባችን ባሕርይ» ስትሰጠው ጥፋተኛው ነጻ ወጣ። «ምን ይደረግ፣ ተከፋፍለን ነው» የሚል መልስ ለሥራ ኃላፊ የሚመች መልስ ነው። ማንም አይጠየቅበትም።

ትንሽ ከራሴ ልጨምር። እኔ በምኖርበት አካባቢ ከዓመታት በፊት የታዳጊዎች ሥልጠና ተጀምሮ ነበር። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ይሠሩ ነበር። የወንድሜ ልጅም አንዱ ነበር። መጀመሪያ ኳስ ጠፋ። ቀጥሎ የአሠልጣኙ አበል ለወራት ቀረ። ሰውዬው በራሱ ገንዘብ ሁለት ኳስ ገዝቶ ገፋበት፤ በኋላ ግን እሱም ልጆች አሉት፣ ተወው። ይህ የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። የማንም ብሔር አልነበረበትም። ሁላችንም ጎጃሜዎች ነበርን።

2005ን በተመለከተ። ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ ሱዳንን 2 ለ 0። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን የመጣንበት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሲያገቡ እኔ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ፊሽካው ሲነፋ ባለቤትየዋ ሒሳብ ሳትቀበል በሩን ከፍታ አብራን ወጣች። 31 ዓመት ስንጠብቅ የኖርነው ነገር ነው። አንተ ያ ደስታ ውሸት ነበር ትላለህ፣ ምክንያቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ተጋደሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። አንድ ቤተሰብ ሠርግ ላይ አብሮ ጨፍሮ በኋላ በርስት ቢጣላ ሠርጉ ውሸት ነበር አይባልም። ደስታውም እውነት ነበር፣ ጸቡም እውነት ነው። ይልቅ የሚያናድደው ያንን ደስታ ይዘን ምንም አለመሥራታችን ነው። ጥር 13 ቀን 2005፣ ልክ ዋንጫ ባነሳን በ51ኛ ዓመቱ በዚያው ቀን፣ በጎዶሎ ተጫዋች ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በኅዳር 2006 ዓለም ዋንጫ ለመግባት ሁለት ጨዋታ ቀርቶን ናይጄሪያ አስቀረችን። እዚያ ደርሰን ነበር እኮ! ቀጥሎ መሠራት የነበረበት ሜዳና የታዳጊ ሥልጠና ነበር። እኛ ግን አሠልጣኝ መቀያየር ያዝን።

ስለ ክልል ክለቦች በከፊል እስማማለሁ። በ2010 ወልድያ ላይ በኳስ ሰበብ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያንን የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ ስታዲየም ውስጥ ሌላውን ሕዝብ የሚሰድብ ዘፈን የጀመረ ሁሉ ያፍርበት። ግን ክለብ ሁሉ አዲስ አበባ ይቅር ማለትህን አልቀበልም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ ሲወስዱ ኳሱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። የጣና ሞገዶቹ ባሕር ዳር ከተማዎች በ2015 ሁለተኛ ሆነው ሲጨርሱ ቡድኑ ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ባሕር ዳር ሁሉንም በስማቸው ነው የጠራቻቸው። ብሔራዊ ቡድን በኮታ ይመረጣል ላልከው ደግሞ አንድ ማስረጃ አላመጣህም። ካለህ አምጣው፣ አብሬህ እጮሃለሁ። ከሌለህ ልጆቹን ተዋቸው።

የአርሰናሉ ነገር ረጅም ክርክር አይፈልግም። ልጁ የሚያየው ያለውን ነው። ከ2013 ጀምሮ የእኛ ሊግ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፤ ብዙው ደጋፊ ክለቡን በቲቪ ካልሆነ አያየውም። ደምበጫ ያለ ልጅ አርሰናልንም ባሕር ዳር ከተማንም የሚያየው በዚያው ቤት፣ በዚያው ቲቪ ነው። አንዱን ስለወደደ ሌላውን ከዳ አይባልም።

የሯጮች ሀገር ነን፣ ኳስ አይሆንልንም ላልከው ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሯጮቻችንን ደም ብቻ አላወጣቸውም። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ገና ልጅ ሳሉ አሠልጥነዋል። አንድ ትንሽ ከተማ፣ አንድ የማይሰለች መምህር፣ በየማለዳው የሚሠሩ ልጆች። ኳስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኬፕ ቨርዴ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ያውንዴ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈችን፤ በጥቅምት 2018 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ሥራቸውን ስለሠሩ ነው።

ደግሞስ ኳስ ባዕዳችን ነው ያለህ ማን ነው? ካፍን በ1949 ከመሠረቱት አራት ሀገሮች አንዷ እኛ ነን። ይድነቃቸው ከ1964 እስከ 1979 የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ካፍ ከመኖሩ በፊትም ጎጃም ውስጥ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተከፍሎ፣ ገናውን ይዞ፣ ሩር ሲያሳድድ የኖረ ሕዝብ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እያለ። አንተም ሳትጫወት አልቀረህም። ጭንህ ላይ የሩር ጠባሳ የሌለው የጎጃም ልጅ ስንት ነው?

አሁን ወደ ከባዱ። ጎጃሜ ኢትዮጵያዊ ነኝ ማለቱ ሞኝነት ነው ያልከው።

እዚህ ሀገር ሀገርና መንግሥት አንድ ሆነው አያውቁም። በላይ ዘለቀን አስብ። አምስት ዓመት ጣሊያንን በአባይ በረሃ አቃጠለው። ነጻነት ከመጣ በኋላ፣ በ1937፣ የሰቀለው ጣሊያን አይደለም፤ የራሱ ሀገር መንግሥት ነው። ጎጃም ይህንን አልረሳውም። እስከ ዛሬ በለቅሶም በሠርግም ስሙ ይነሳል። ግን ጎጃም በላይን ሰቅለውብናልና ኢትዮጵያ የእኛ አይደለችም አላለም። በ1960 የግብርናው ግብር ሲመጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሣሪያ አንስቶ ከመንግሥት ጋር ተዋጋ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። ያም ሆኖ ያ ገበሬ የተጣላው ከገዢው ጋር ነበር። ሀገሩን የሸጠ አልመሰለውም፣ የተወም አልመሰለው። አያቶቻችን ይህንን ልዩነት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። አንተ ግን አንድ መንግሥት የበደለህን ከሀገር ላይ ልትቆርጥ ተነሳህ። ከዚያም አልፈህ አንድ የኳስ ቡድን የተሸነፈውን ጨምረህ።

ኢትዮጵያዊነትን ለእኔ የሰጠኝ ቡድን አይደለም። ዋልያዎቹ ያሸነፉ ቀን አልተቀበልኩትም፣ ስለዚህ የተሸነፉ ቀን የምመልሰው ዕቃ የለኝም። እናቴ ቀብር ላይ የመጡት ሰዎች ውስጥ ኦሮሞም፣ አገውም፣ ጉራጌም ነበሩ፤ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀምጠዋል። አገሬ ስል የምላቸው እነሱን ነው። ዛሬ ብዙ ተጎድተናል፣ ብዙ ተበድለናል፣ መናገርም አለብን። እኔም እናገራለሁ። ግን የተበደልኩት የገዛ ሀገሬ ላይ ሆኜ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የሚያመኝ። አንተንም የሚያምህ ለዚህ መሰለኝ። የማይመለከተው ሰው ያን ያህል ገጽ አይጽፍም።

ስለ ማሊያው ደግሞ። እባክህ አትጣለው። ቤቴ አጠገብ ያለችው ሜዳ ላይ ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት። ኳሳቸው የካልሲ ነው፤ በፌስታልና በጨርቅ የተሞላ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። አንዱ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ነጭ ካናቴራው ጀርባ ላይ በከሰል ቁጥር ጽፎ ነበር፤ ዝናብ ሲመታው ይደበዝዛል፣ በማግስቱ እንደገና ይጽፈዋል። ማሊያህ ይሰፋዋል፤ ግን ያድጋል። መንገዱ ሲከፈት ወደ ማርቆስ ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበለዋለሁ።